ዓይን የማያየውን ማሳየት፦ ስለ ነቀዝና ስለ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ትምህርት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)







በዓል ሲከበር የተሰበሰበው ኩንታል፣ የተሰራጨው ማዳበሪያና ለአባላት የተከፈለው የትርፍ ድርሻ መነሣቱ የተለመደ ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ በሪፖርት ላይ የማይሰፍር ሌላ ሂሳብ አለ። እርሱም ምርቱ ጎተራ ከገባ በኋላ ነቀዝ የሚበላው እህል ነው። ይህ እህል ታርሶለታል፣ ታርሞለታል፣ ተሰብስቧል፣ ተወቅቷል። ማዳበሪያ ተገዝቶለታል፤ የማዳበሪያውም ዕዳ ተከፍሎለታል። ሁሉም ወጪ ከወጣበት በኋላ የሚጠፋ በመሆኑ ከማሳ ላይ ጉዳት ይልቅ የሚያንገበግበው ይኸኛው ነው።

የዚህ ንግግር ርዕሰ ጉዳይ ነቀዝን የመከላከያ ትምህርት ለገበሬው በምን መንገድ ቢደርስ ይገባል የሚለው ነው። በተለይም በተንቀሳቃሽ ሥዕል ወይም በአኒሜሽን ትምህርት እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ምን እንደሚጠቅምና የት ላይ ሊያሳስት እንደሚችል ለማብራራት የቀረበ ነው።

ነቀዝ ከየት ይመጣል?

አንድ ገበሬ በጥር ወር በቆሎውን አድርቆና አበጥሮ በንጹሕ ጆንያ ይሞላዋል። የጆንያውን አፍ ሲያስር አንድም ነቀዝ አላየም። በመጋቢት መጨረሻ ሲፈታው ግን እህሉ ተቦርቡሮ፣ ዱቄቱ ከሥር ተጠራቅሞ፣ ነቀዙ ሲርመሰመስ ያገኘዋል። ከዚህ ተነሥቶ «ነቀዝ ከእህሉ ከራሱ ይፈጠራል» ቢል አይፈረድበትም። ዓይኑ ያየው ይህንኑ ነውና።

እንዲህ ያለው አስተሳሰብ በገበሬ ዘንድ ብቻ የነበረ አይደለም። በአውሮፓ የተማሩ ሰዎች ሳይቀሩ ትል ከበሰበሰ ሥጋ በራሱ ይፈጠራል ብለው ለብዙ መቶ ዓመታት ያምኑ ነበር። ጣሊያናዊው ሐኪም ፍራንቼስኮ ሬዲ እ.ኤ.አ. በ1668 ባሳተመው መጽሐፍ ሥጋውን በዕቃ አድርጎ ግማሹን በስስ ጨርቅ ሸፍኖ፣ ግማሹን ክፍት ትቶ ያገኘውን ውጤት ገለጸ። ዝንብ ባረፈበት ሥጋ ላይ ትል ወጣ፤ በተሸፈነው ላይ ግን አልወጣም። ትሉ የመጣው ዝንብ ከጣለችው እንቁላል እንደሆነ በዚህ ታወቀ።

የነቀዝም ነገር እንደዚሁ ነው። የበቆሎ ነቀዝ ርዝመቷ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሴቷ እንደ ኩምቢ በወጣው አፏ የበቆሎውን ፍሬ ትበሳና አንድ እንቁላል ትጥላለች። ከዚያም ቀዳዳውን ከሰውነቷ በሚወጣ ሙጫ መሰል ነገር ትደፍነዋለች። ከተደፈነ በኋላ ፍሬው ጤነኛ ይመስላል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል ፍሬውን ከውስጥ እየበላ ያድጋል፤ መልኩንም ለውጦ ነቀዝ ይሆናል። በሞቃት አካባቢ በአምስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ፍሬውን ቀዶ ይወጣል። ብዙ ጊዜ እናቲቱ ወደ በቆሎው የምትደርሰው ገና በማሳ ላይ ሳለ ነው። እንግዲህ ገበሬው በጥር ወር ንጹሕ ነው ብሎ ያሰረው ጆንያ ጠላቱን በሆዱ ይዞ ነበር ማለት ነው።

ይህን ማወቅና አለማወቅ በቤተሰብ ሕይወት ላይ ልዩነት ያመጣል። ነቀዝ ከእህሉ ይፈጠራል ብሎ ለሚያምን ሰው አየር በማያስገባ ዕቃ አጥብቆ መዝጋት ትርጉም አይሰጠውም። የሚታየው መፍትሔ መድኃኒት ብቻ ይሆናል። በተለምዶ የነቀዝ ክኒን የሚባለው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ፍሬ ደግሞ በአየር ውስጥ ያለ እርጥበት ሲያገኘው ፎስፊን የተባለ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ነቀዝን ከሰው አይለይም። ቤተሰብ በሚተኛበት ቤት ጥግ በተቀመጠ ጆንያ ውስጥ ክኒኑን መጨመር ከእህሉ ጋር ልጆችንም ለአደጋ ማጋለጥ ነው። ስለሆነም ጉዳዩ የእህል ብቻ ሳይሆን የነፍስም ጭምር ነው።

ካሜራ የማይገባበት ቦታ

ለገበሬ በፊልም ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በህንድ የተጀመረውና በኋላም ከግብርና መሥሪያ ቤቶች ጋር በኢትዮጵያ የሠራው ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅት ገበሬዎች ራሳቸው የሚታዩባቸውን አጫጭር ቪዲዮዎች በትንሽ ፕሮጀክተር ለመንደር ቡድኖች በማሳየት ይታወቃል። የዚህ አሠራር ጥንካሬ ግልጽ ነው። ገበሬ ጎረቤቱን በፊልም ሲያይ «እርሱ ከቻለ እኔስ?» ይላል። በመስመር መዝራትን ወይም ኮምፖስት ማዘጋጀትን ለማሳየት ካሜራን የሚያክል የለም፤ ሥራው በእጅ የሚሠራና በዓይን የሚታይ ነውና።

ይሁን እንጂ ካሜራ የማይደርስበት ቦታ አለ። በተደፈነው ፍሬ ውስጥ ትሉ ሲያድግ፣ በታሰረው ከረጢት ውስጥ ኦክስጅን ሲያልቅ ተራ ካሜራ አያሳይም። ባለሙያውም ቢሆን በቃል «አየር እንዳይገባ አድርጋችሁ እሠሩ» ከማለት በቀር በእጁ ይዞ የሚያሳየው የለውም። ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ፍሬውን ለሁለት ከፍሎ ውስጡን ያሳያል፤ አምስት ሳምንቱን በአሥር ሴኮንድ ያሳልፋል፤ የማይታየውን አየር ቀለም ሰጥቶ ሲቀንስ ያሳያል።

ሥዕሉ እንዴት ይሠራል?

ተንቀሳቃሽ ሥዕል በራሱ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። በጥቂት በጥቂቱ የሚለያዩ ሥዕሎች በፍጥነት ሲከታተሉ ዓይን እንደ አንድ እንቅስቃሴ ያያቸዋል። በሲኒማ አሠራር በአንድ ሴኮንድ 24 ምስሎች ያልፋሉ። የሦስት ደቂቃ ፊልም 180 ሴኮንድ በመሆኑ 4,320 ምስሎች ይፈልጋል ማለት ነው። ሠዓሊዎች ድካሙን ለመቀነስ አንዱን ሥዕል ለሁለት ምስል ያህል ያቆዩታል፤ እንደዚያም ሆኖ 2,160 ሥዕል ይሆናል። በአሁኑ ጊዜ ኮምፒዩተር ስላለ የሰው እጅ፣ ራስና እግር ለየብቻ ተስሎ እንደ አሻንጉሊት ማንቀሳቀስ ይቻላል። ይህ ሥራውን አቅልሎታል።

ሆኖም ዋናው ድካም ያለው በሥዕሉ ላይ ሳይሆን ከሥዕሉ በፊት ባለው ሥራ ላይ ነው። ሥራው በቅደም ተከተል እንዲህ ይሄዳል።

አንደኛ፣ አንድ ሐሳብ ብቻ ይመረጣል። ስለ ነቀዝ፣ ስለ አይጥ፣ ስለ ገበያ ዋጋና ስለ ብድር በሦስት ደቂቃ ውስጥ ማስተማር አይቻልም። ለምሳሌ «ነቀዝ ያለ ኦክስጅን አይኖርም» የሚለው ብቻውን በቂ ነው።

ሁለተኛ፣ ሳይንሱ በትክክል ይጣራል። አየር ስለታጠበት ታፍኖ ይሞታል ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ላሪ መርዶክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 በጥራጥሬ ነቀዝ ላይ ያወጡት ጥናት ከዚህ የተለየ ነገር ያሳያል። ነቀዝ ውኃ አይጠጣም፤ የሚኖረው በደረቅ እህል ውስጥ ነው። የበላውን ምግብ ከአየር ከሚወስደው ኦክስጅን ጋር አዋሕዶ የሚያስፈልገውን ውኃ በሰውነቱ ውስጥ ይሠራል። ኦክስጅን ሲያንስበት መብላቱን ያቆማል፤ ውኃም መሥራት ያቅተዋል፤ ውሎ አድሮም ደርቆ ይሞታል። በአጭሩ ነቀዙን የሚገድለው ጥማት ነው። ድርቅን ለሚያውቅ ገበሬ ይህ ባዕድ ትምህርት አይሆንበትም። ሥዕሉም ነቀዙን በአንድ ጊዜ ክው ብሎ እንዲወድቅ ሳይሆን ቀስ በቀስ እየደረቀ እንዲሄድ አድርጎ ማሳየት ይኖርበታል። አለዚያ ገበሬው በሦስተኛው ቀን ከረጢቱን ፈትቶ ሕያው ነቀዝ ሲያይ «ውሸት ነው» ብሎ ይተወዋል።

ሦስተኛ፣ ታሪኩ በቃል ይጻፍና በትንንሽ ሣጥኖች ውስጥ በእርሳስ ይነደፋል። እናት በቆሎ ስታሰጣ፤ ልጅ ፍሬውን በጥርሱ ሲሞክር፤ ፍሬው ተከፍሎ ትሉ ሲታይ፤ እህሉ በከረጢት ተሞልቶ አየሩ ተጨምቆ ሲወጣ፤ የውስጡ ከረጢት አፍ ተጠምዝዞና ታጥፎ ሲታሰር፤ ውጭው ጆንያ መጨረሻ ላይ ሲታሰር፤ ወራት አልፈው እህሉ ሲፈታ። በዚህ ደረጃ አንድን ስሕተት ማረም በላጲስ ማጥፋት ብቻ ነው። ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ግን ብዙ ገንዘብና ጊዜ ይበላል።

አራተኛ፣ የእርሳሱ ንድፍ ለገበሬዎች ይታያል። ይህ ደረጃ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ነው፤ መዘለል ያልነበረበት ግን እርሱ ነው። ሴቶችም ወንዶችም፣ ማንበብ የሚችሉም የማይችሉም ባሉበት ሥዕሉ ይቀርብና «ገባችሁ ወይ?» ሳይሆን «ምን አያችሁ? መልሳችሁ ንገሩን» ተብለው ይጠየቃሉ። «ገባችሁ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ እንግዳ አክባሪ ሕዝብ የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። መልሶ ማስነገር ግን የተሳሳተውን ያወጣል።

አምስተኛ፣ ድምፅ ይቀረጻል። ሰዎቹ በሥዕሉ ላይ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ከሚነጋገሩ ይልቅ አንድ ተራኪ ቢናገርላቸው ይመረጣል። እንዲህ ሲሆን ሥዕሉን ሳይነኩ ድምፁን ብቻ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በአገውኛ ወይም በሌላ ቋንቋ መቀየር ይቻላል።

ሥዕል የሚያሳስትበት ጊዜ

ሥዕል ኃይል አለው፤ ኃይል ያለው ነገር ሁሉ ደግሞ ጥንቃቄ ይሻል። ስለ ትምህርታዊ ፊልሞች ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረ አንድ ጨዋታ አለ። ባለሙያዎች ዝንብን አጉልተው የሚያሳይ ፊልም አቅርበው ስለ በሽታ ካስተማሩ በኋላ ተመልካቾቹ «የእናንተ አገር ዝንቦች በእውነት አስፈሪ ናቸው፤ የእኛዎቹ ግን እንደምታዩት ትንንሾች ናቸው» አሏቸው ይባላል። ጥፋቱ የተመልካቹ አልነበረም። ዝንቧ ከየት ተነሥታ እንደዚያ እንደገዘፈች ማንም አላሳየውም። በመሆኑም ነቀዝን አጉልቶ የሚያሳይ ሥዕል በመጀመሪያ ነቀዟን በገበሬው መዳፍ ላይ በትክክለኛ መጠኗ ያሳይና ቀስ እያለ መቅረብ አለበት። ፍሬው ሲከፈልም ጣት አጠገቡ ቢኖር መጠኑ አይሳትም።

ከዚህ የከፋው ስሕተት ግን የሚያሳየውን በትክክል አሳይቶ አስፈላጊውን መተው ነው። ከረጢት አጥብቆ ማሰርን ብቻ የሚያሳይና እህሉ መድረቅ እንዳለበት የማያሳይ ሥዕል ገበሬውን ይጎዳዋል። እርጥብ እህል አየር በማያስወጣ ዕቃ ሲታሰር እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ እህሉ ይሻግታል። በአንዳንድ ሻጋታ የሚመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ደግሞ ጉበትን የሚጎዳና ካንሰር የሚያስከትል ነው፤ እህሉ ተቀቅሎም በቀላሉ አይጠፋም። ስለዚህ በቆሎ ከመታሰሩ በፊት እርጥበቱ 13 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች መድረስ ይኖርበታል።

ገበሬው የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ በእጁ ባይኖርስ? የጨው መንገድ አለ። በሚገባ የደረቀ ጨው ከጥቂት እህል ጋር በደረቅና በሚያሳይ ጠርሙስ ይጨመርና ይናጣል፤ ለጥቂት ጊዜም እንዲቀመጥ ይደረጋል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለውና ወደ ፀሐይ ይመለሳል። ካልተለጠፈም ለጥንቃቄ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ቢጨመርለት አይጎዳም። ይህ ትዕይንት በሥዕሉ ላይ ቢገባ ግማሽ ደቂቃ ይወስዳል። ግማሽ ደቂቃ ለመቆጠብ ተብሎ ሊቀር የሚገባው አይደለም።

ዕቃውም በጥንቃቄ መታየት አለበት። ፒክስ በሚል ስም የሚታወቀው ከረጢት ሁለት ወፍራም የፕላስቲክ ውስጥና አንድ ውጭ ጆንያ ያለው ሦስት ድርብ ነው። የዚህ አሠራር ምርምር የተጀመረው በ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በካሜሩን ገበሬዎች ዘንድ ነበር። አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ካለችበት ግን አየር ይገባል፤ ድካሙም ከንቱ ይሆናል። በየጊዜው እየፈቱ መቅዳትም እንደዚሁ ነው። ለዕለት ፍጆታ በጀሪካን፣ ለክረምት በከረጢት ከፍሎ ማስቀመጥ ይሻላል። ፀረ ተባይ ወይም ነዳጅ የነበረበት ጀሪካን ግን ታጥቦም ቢሆን ለእህል አይሆንም።

ከሞዛምቢክ የተገኘ ልምድ

ይህ ሁሉ በተግባር ተሞክሯል ወይ ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አዎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጁሊያ ቤሎ ብራቮና ባሪ ፒተንድሪግ «ድንበር የሌላቸው ሳይንሳዊ አኒሜሽኖች» የሚል ትርጉም ያለውን በአጭሩ ሳውቦ የሚባለውን ፕሮግራም መሠረቱ። ፕሮግራሙ ስለ ግብርናና ስለ ጤና አጫጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕሎችን እየሠራ አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋዎች ለትምህርት አገልግሎት በነፃ ያሠራጫል። ሥዕሎቹ በተራ የእጅ ስልክ እንዲታዩና ከስልክ ወደ ስልክ እንዲተላለፉ ሆነው የተዘጋጁ ናቸው።

ከእነዚህም አንዱ ባቄላ መሰል ጥራጥሬን አየር በማያስገባ ጀሪካን ስለማስቀመጥ የሚያስተምረው ነው። በሞዛምቢክ ገጠር ሥዕሉን ያዩ ገበሬዎች በባለሙያ ቃል ከተማሩት ያላነሰ ዕውቀት እንደጨበጡ ጥናቱ አሳይቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲጠየቁ ደግሞ 89 በመቶ የሚሆኑት ዘዴውን በሥራ ላይ ማዋላቸው ታውቋል። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት ሥዕሉ ብቻውን እንዳልሠራው ነው። ጀሪካን በአካባቢው የሚገኝ፣ ገበሬው የሚያውቀው ዕቃ ነው። የተማረውን በማግሥቱ ሊሞክረው ይችል ነበር። ትምህርቱ ዕቃው በማይገኝበት ቦታ ቢሰጥ ኖሮ ውጤቱ ይህ ይሆን ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ከማን ምን ይጠበቃል?

ከዩኒየኑና ከመሠረታዊ ማኅበራቱ የሚጠበቀው ትምህርቱንና ዕቃውን አብሮ ማቅረብ ነው። ከረጢቱ በመጋዘን መግባት ያለበት ነቀዙ ከታየ በኋላ በመጋቢት ሳይሆን በቆሎ ከመሰብሰቡ በፊት ነው። ሥዕሉም የሚታየው በዚያው ሰሞን ቢሆን ይመረጣል። በሐምሌ የታየ የጎተራ ትምህርት እስከ ኅዳር ይረሳል።

ከልማት ጣቢያ ሠራተኞች የሚጠበቀው ሥዕሉን ከፍቶ መሄድ ሳይሆን አብሮ ተቀምጦ መወያየት ነው። ሥዕሉ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል፤ ውይይቱ አንድ ሰዓት ቢፈጅ አይበዛም። ከሥዕሉ ቀጥሎ ከተመልካቹ አንዱ ተነሥቶ እውነተኛ ከረጢት በእጁ ይሰር። ዓይን ያየውን እጅ ካልሞከረው ትምህርቱ በጭብጨባ ያልቃል።

ከወረዳና ከቀበሌ አመራሮች የሚጠበቀው የተመልካቹን ቁጥር ብቻ በሪፖርት አለመሙላት ነው። «350 ገበሬዎች ግንዛቤ ተፈጥሮላቸዋል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስንት ጆንያ እህል እንደዳነ አይናገርም። ከስድስት ወር በኋላ ስንት ቤት ተገብቶ ስንት ከረጢት ተፈትቶ ታየ? ስንቱ ተቀደደ? ስንቱ ሻገተ? እውነተኛው ፈተና ይህ ነው። መልሱ መጥፎ ቢሆንም እንኳ ሥዕሉን ለማሻሻል ይጠቅማል።

ከአባላት የሚጠበቀው ደግሞ ዝም አለማለት ነው። የእርሳስ ንድፍ ይዞ የሚመጣ ባለሙያ ሲያጋጥም ያልገባውን «አልገባኝም»፣ የተሳሳተውን «እኛ ዘንድ እንዲህ አይደረግም» ማለት ነውር የለውም። በተለይ እናቶች ሊጠየቁ ይገባል። እህሉን የሚያሰጡት፣ የሚያበጥሩት፣ ከጎታ የሚቀዱት፣ ነቀዙንም በወንፊት ላይ ቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸው። በሥዕሉ ላይ ከረጢት የሚያስረው ወንድ ብቻ ሆኖ ከቀረበ ትምህርቱ ዋናውን ሠራተኛ ሳያገኝ አለፈ ማለት ነው።

የተከበራችሁ አባላትና እንግዶች፣

ሥዕሉ ጥሩ ነበር የሚባለው ቀለሙ ሲያምር አይደለም። አንዲት እናት ካየችው በኋላ ለጎረቤቷ «ነቀዙ ድሮውንም ውስጡ ነበር፤ አጥብቀሽ ስትዘጊበት በጥም ይሞታል፤ እህሉን ግን አስቀድመሽ በደንብ አድርቂው» ብላ በራሷ ቃል መንገር ስትችል ነው። ያን ጊዜ ሥዕሉ ከስልኩ ቢጠፋ እንኳ ትምህርቱ አይጠፋም፤ መርዘኛው ክኒንም ልጆች ከሚተኙበት ቤት ይወጣል።